የብርቱካን ዛፍ ሕመምና የመድኃኒቱ መንገድ



በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ግዛት ከ2003 እስከ 2004 በነበረው የለቀማ ወራት 242 ሚሊዮን ሣጥን ብርቱካን ተሰብስቦ ነበር። አንዱ ሣጥን 41 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፥ ማለት ከ2024 እስከ 2025 በነበረው ወራት፥ ከዚያው ምድር የተገኘው 12 ሚሊዮን ሣጥን ያህል ብቻ ሆነ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ለዚህ ውድቀት ዐውሎ ነፋሱም፥ የአትክልቱ መሬት ለቤት መሥሪያ መሸጡም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ዋናው ምክንያት ግን በዐይን የማይታይ አንድ ባክቴሪያ ነው። በጥር ወር 2025 ከግዛቱ ታላላቅ የብርቱካን አምራቾች አንዱ የሆነው አሊኮ የተባለው ኩባንያ ከዚህ ሥራ እንደሚወጣ በይፋ አስታወቀ።

ይህ የሆነው ባክቴሪያውን የሚገድል ነገር ታጥቶ አይደለም። የታጣው ገዳዩን ነገር ባክቴሪያው ወዳለበት ቦታ የሚያደርስ መንገድ ነው። ሲንቴቲክ ባዮሎጂ የተባለው አዲስ የዕውቀት ክፍል ወደዚህ ጕዳይ የገባውም መንገድ ጠራጊ ሆኖ ነው፤ የዛሬው ንግግር የሚመለከተውም ይህንኑ ነው።

በሽታው በቻይንኛ ሁዋንግሎንግቢንግ ይባላል። ብዙዎች ይህን ስም «የቢጫ ዘንዶ በሽታ» ብለው ይተረጕሙታል፤ በደቡብ ቻይና ገበሬዎች አነጋገር ግን ስሙ የሚያመለክተው በአረንጓዴው ዛፍ መካከል ብቅ የሚለውን ቢጫ ቀንበጥ ነው ይባላል። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ ፍሬው መብሰል ሲገባው ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር ግሪኒንግ አሉት፤ ግሪን በእንግሊዝኛ አረንጓዴ ነውና። ቻይናዊው በቀንበጡ፥ አፍሪካዊው በፍሬው ሰየመው፤ በሽታው ግን ሁለቱም ከተመለከቱት ቦታ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ነበር።

ለብዙ ጊዜ ሰዎች ምክንያቱን በመሬት ውስጥ ፈለጉት። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ዐፈሩ ዚንክ አነሰው ተባለ፤ ሥሩ ሲበሰብስ ውሃ ተኛበት ተባለ። ይህም የሞኝ አነጋገር አልነበረም፤ ዚንክ ያነሰው ዛፍ ቅጠልና የታመመው ዛፍ ቅጠል እጅግ ይመሳሰላሉና። ክርክሩን የቈረጡት ሊን ኮንግሺያንግ የተባሉት ቻይናዊ ሊቅ ናቸው። እርሳቸው ከታመመ ዛፍ ቀንበጥ እየቈረጡ በጤነኛ ዛፍ ላይ አዳቀሉ፤ ጤነኛውም ዛፍ በዚያው ሕመም ታመመ። የዐፈር ጕድለት ከቀንበጥ ጋር ከዛፍ ወደ ዛፍ አይሻገርም፤ ስለዚህ ሕመሙ ተላላፊ መሆኑ ተረጋገጠ። ውጤቱም በ1956 ታተመ። ይህ ፈተና በመምህር ዘንድ ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ ቢላዋና ማሰሪያ፥ ከዚያም የዓመታት ትዕግሥት እንጂ ሌላ መሣሪያ አልጠየቀምና። በ1965 በደቡብ አፍሪካ በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ የምታመላልሰው ሲሊድ የተባለች ትንሽ ነፍሳት መሆኗ ታወቀ። በ1970 ላፍሌሽና ቦቬ የተባሉት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የታመመውን ቅጠል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ተሕዋስያኑን በስኳር ቧንቧው ውስጥ አገኙአቸው።

የስኳር ቧንቧ የተባለው ፍሎየም ነው። በዛፍ ግንድ ውስጥ ሁለት ዐይነት መተላለፊያ እንዳለ ተማሪ ሁሉ ይማራል፤ አንደኛው ውሃን ከሥር ወደ ላይ ያወጣል፥ ሁለተኛው በቅጠል የተሠራውን ስኳር ወደ ፍሬና ወደ ሥር ያወርዳል። ባክቴሪያው በዛፉ ውስጥ የሚኖረው በዚህ በሁለተኛው ብቻ ነው። ሲሊዷ ከታመመው ዛፍ ጭማቂ ስትመጥ ባክቴሪያውን ትወስዳለች፤ በሌላ ዛፍ ለጋ ቀንበጥ ላይ አርፋ ስትመገብም ከምራቋ ጋር ታስገባዋለች። ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእስያዪቱ ሲሊድ ስትመገብ ራሷን ዝቅ፥ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ስለምትቆም በቀንበጡ ላይ የበቀለች እሾህ ትመስላለች።

ባክቴሪያው ከገባ በኋላ የሚሆነው ነገር የሚያስገርም ነው። ዛፉ ራሱን ሊከላከል ሲል ቧንቧውን በገዛ ራሱ ንጥረ ነገር መድፈን ይጀምራል። ስኳሩ መውረጃ አጥቶ በቅጠሉ ውስጥ ስታርች ሆኖ ይከማቻል፤ ቅጠሉ ይዥጎረጎራል፤ ሥሩም ምግብ አጥቶ ይሞታል። በፍሎሪዳ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው በቅርንጫፉ ላይ ምልክት ከመታየቱ በፊት ከቀጫጭኑ ሥር ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ይጠፋል። ፍሬው ያንሳል፥ ይጣመማል፥ ይመርራል፥ ሳይበስልም ይረግፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ዛፉ ከተያዘ በኋላ ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት፥ ጤነኛ መስሎ መቈየቱ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕመሙን ለጎረቤቱ ያካፍላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ለብርቱካን ዛፍ የተነገረ ይመስላል። ሲሊዷ በፍሎሪዳ የታየችው በ1998 ሲሆን በሽታው የታወቀው በ2005 ነው፤ በመካከሉ ያሉት ሰባት ዓመታት እንዴት እንዳለፉ የሚያስብ ሰው ጥፋቱ ለምን እንደሰፋ አያጣውም።

ሊቃውንቱን ያስቸገረ ሌላም ነገር አለ። ይህን ባክቴሪያ ከዛፉ አውጥቶ በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ለብቻው በንጹሕ ማሳደግ እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች የሚቻል አልሆነም። በዚህም ምክንያት በሳይንስ ስሙ ፊት «ካንዲዳተስ» የሚል ቃል ይቀመጣል፤ ላቲኑ ዕጩ ማለት ነው። የአንድን ግዛት እርሻ ያጠፋ ተሕዋሲ በመዝገብ ላይ ገና ዕጩ ሆኖ መጻፉ የሳይንስን ጥንቃቄ ያሳያል። ሆኖም በ2009 ጂኖቹ ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፤ ጠቅላላ ጽሕፈቱም 1.2 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ በአንቲባዮቲክ ለምን አይታከምም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተሞክሯል። የከብት ሐኪሞች ሁሉ የሚያውቁት ኦክሲቴትራሳይክሊን ይህን ባክቴሪያ ያዳክመዋል። በ2016 በፍሎሪዳ በቅጠል ላይ እንዲረጭ ተፈቀደ፤ ነገር ግን የብርቱካን ቅጠል በሰም የተለበጠ ስለሆነ ወደ ቧንቧው የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ነው። በ2022 በግንዱ ውስጥ በመርፌ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ይህ ከመርጨቱ ይልቅ ይሻላል፤ ብዙ አምራቾችም ይዘውታል። ነገር ግን ግንዱ በተበሳ ቍጥር ቍስል ይቀራል፥ መድኃኒቱም ተደጋግሞ መሰጠት አለበት። ከዚህም በላይ ሰውና ከብት የሚታከሙበትን መድኃኒት በእርሻ ላይ ማብዛት መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ተሕዋስያንን ሊያበዛ እንደሚችል ያሠጋል። በታኅሣሥ ወር 2023 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሌላው አንቲባዮቲክ፥ ስትሬፕቶማይሲን፥ በብርቱካን ዝርያዎች ላይ እንዲረጭ የተሰጠውን ፈቃድ ሽሯል።

እንግዲህ የተፈለገው ከውጭ የሚረጭ ወይም በየጊዜው የሚወጋ ሳይሆን፥ በራሱ በቧንቧው ውስጥ ሆኖ መድኃኒት የሚሠራ ነገር ነው። ሲንቴቲክ ባዮሎጂ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚሠራበትን መመሪያ በጂኖቹ ጽፎ ይዟል። ሊቃውንት መጀመሪያ ይህን ጽሕፈት ማንበብ፥ ቀጥሎም መጻፍ ተማሩ። በ1978 የሰው ኢንሱሊን የሚሠራበት ጂን በላቦራቶሪ በኬሚካል ተቀነባብሮ በአንድ የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ገባ፤ ባክቴሪያውም ኢንሱሊን ሠራ፤ በ1982 ለስኳር ሕመምተኞች መድኃኒት እንዲሆን ተፈቀደ። ሲንቴቲክ ባዮሎጂ ይህንኑ ጥበብ ያሰፋዋል፤ ግንበኛ ድንጋዩን መርጦና ጠርቦ እንደሚያኖር፥ የጂን ክፍሎችን መርጦ በማሰናዳት ሕያው ነገር ቀድሞ ያልነበረውን ተግባር እንዲፈጽም ያደርጋል።

የዛፉን የራሱን ጂን መለወጥ ይቻላል፤ የሚሞክሩትም አሉ። ነገር ግን የተለወጠው ዛፍ ከችግኝነት ጀምሮ አድጎ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ዛሬ በመሬት ላይ ቆሞ ለታመመው ዛፍም አይረዳም። ስለዚህ ዛፉን ሳይነኩ ወደ ዛፉ ውስጥ መልእክተኛ መላክ ታሰበ።

ለመልእክተኛነት የተመረጠው ራሱ የብርቱካን አሮጌ ጠላት ነው። ትሪስቴዛ የተባለው ቫይረስ ስሙ በፖርቱጋልኛና በስፓንኛ «ኀዘን» ማለት ሲሆን፥ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት በብራዚልና በአርጀንቲና በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀሉትን በሚሊዮን የሚቈጠሩ ዛፎች አድርቋል። እንዲህ ያለውን ነፍሰ ገዳይ ሐኪም አድርጎ መሾም ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው። ምርጫው ግን በምክንያት ነው፤ ቫይረሱ የሚኖረው ባክቴሪያው በሚኖርበት በዚያው ቧንቧ ውስጥ ነውና። ማንም መርጨት፥ ማንም መርፌ በቀላሉ የማያገኘውን ሰፈር እርሱ እንደ ቤቱ ያውቀዋል። ደግሞም ሁሉም የቫይረሱ ዐይነት ገዳይ አይደለም፤ ዛፉን ሳይጐዱ በውስጡ የሚኖሩ ደካማ ዐይነቶች አሉ። የብራዚል ሊቃውንት በ1960ዎቹ ዓመታት ደካማውን ዐይነት አስቀድመው ወደ ዛፉ በማስገባት ኀይለኛው እንዳይጐዳው መከላከል ጀምረው ነበር። «እሾህን በእሾህ» የሚባለው ይኸው ነው።

በፍሎሪዳ ሌክ አልፍሬድ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጣቢያ ዊሊያም ዳውሰንና ባልደረቦቻቸው የዚህን ቫይረስ ሙሉ ጽሕፈት በላቦራቶሪ ቀዱት። ጽሕፈቱ 19 ሺህ ያህል ፊደላት ያሉት ሲሆን ከዕፅዋት ቫይረሶች ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። ከዚያም ሌላ ጂን ሊጨመርበት የሚችል ስፍራ አበጁለት። አብዛኞቹ የዕፅዋት ቫይረሶች ባዕድ ጂን ሲጫንባቸው ሸክሙን ቶሎ ይጥሉታል፤ ይህ ግን ለዓመታት ተሸክሞ መቈየቱ ታየ። በቴክሳስ ደግሞ ኤሪክ ሚርኮቭ የተባሉት ሊቅ ስፒናች የተባለው ቆስጣ መሰል ቅጠል ተሕዋስያንን የሚከላከልባቸውን ፕሮቲኖች ሲመረምሩ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ተገናኙ፤ የስፒናቹ ፕሮቲን ጂን በቫይረሱ ላይ ተጫነ፤ ቫይረሱ ያለበት ቀንበጥም በብርቱካን ዛፍ ላይ ተዳቀለ። ቫይረሱ በቧንቧው ውስጥ ሲሰራጭ የስፒናቹ ፕሮቲን ባክቴሪያው በሚኖርበት በዚያው ቦታ ይሠራል። የዛፉ የራሱ ጂን አልተለወጠም፤ ቫይረሱም በዘር አይተላለፍም። የታሰበው ዛፉን ፈጽሞ ለመፈወስ ሳይሆን የበሽታውን ጕዳት ለመቀነስ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ በዚህ ላይ ያለ ልክ የሚናገሩ ሰዎች አይጠፉምና።

ይኸው መልእክተኛ ሌላ ጭነትም ተሸክሟል። በ2014 በታተመ ጥናት ቫይረሱ የሲሊዷን የክንፍ ጂን ዝም የሚያሰኝ መልእክት ተጭኖ በዛፉ ውስጥ ተሰራጨ። ከዚያ ዛፍ መጠው ያደጉት ሲሊዶች ክንፋቸው የተበላሸ ሆነ። መብረር የማይችል አመላላሽ ሩቅ አያደርስም።

አሁን ጥርጣሬዎቹን ማንሣት ተገቢ ነው። ትሪስቴዛን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያሻግረው ክሽክሽ ነው። በፍሎሪዳ የተመረጠው የቫይረስ ዐይነት ክሽክሽ በቀላሉ የማያሻግረው ነው፤ «በቀላሉ የማያሻግረው» ማለትና «ፈጽሞ የማያሻግረው» ማለት ግን አንድ አይደሉም። ሌላው ችግር በብራዚል ጥበብ ከሆነው ከዚያው ነገር ይወጣል፤ አንድ ዛፍ አስቀድሞ የያዘው የትሪስቴዛ ዐይነት ካለ፥ ያንኑ የመሰለ ሁለተኛ ቫይረስ እንዳይገባ ያግዳል። ስለዚህ መልእክተኛው በር ተዘግቶበት ሊመለስ ይችላል። ደግሞም ሥራው በየዛፉ በማዳቀል የሚፈጸም ነው እንጂ እንደ ዝናብ በአትክልቱ ሁሉ ላይ የሚወርድ አይደለም።

በ2017 ሳውዘርን ጋርደንስ የተባለው ኩባንያ ይህን ቫይረስ በሰፊው ለመልቀቅ ለአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር አመለከተ፤ ሚኒስቴሩም በአካባቢ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ነገር የሚመረምር ጥናት እንደሚደረግ አስታወቀ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ምርመራ የጸሐፊዎች ማዘግየት ብቻ አድርገው ይነቅፉታል። ነቀፋው ትክክል አይደለም። የተረጨ መድኃኒት ጊዜውን ጠብቆ ይጠፋል፤ የተለቀቀ ሕያው ነገር ግን ተመለስ ቢሉት አይመለስም። ሆኖም መዘግየቱም ያለ ዋጋ አልነበረም፤ ወረቀቱ ሲመረመር ዛፉ ይደርቅ ነበር። በ2018 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች የሾሙት የሊቃውንት ጉባኤ የተደረገውን ምርምር ሁሉ መርምሮ በሽታውን የሚገታ ወሳኝ ግኝት እንዳልተገኘ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መንገዶችም ተከፍተዋል። በካሊፎርንያ ሪቨርሳይድ ተመራማሪዎች ከአውስትራልያ ጣት መሰል ሎሚ ባክቴሪያውን የሚገድል አንድ አጭር ፕሮቲን ማግኘታቸውን በ2021 አሳተሙ። የእርሻ ሚኒስቴሩ ተመራማሪዎችም በግንዱ ላይ እንደ እባጭ ሆኖ በቅሎ መድኃኒት እየሠራ ወደ ዛፉ የሚያፈስ የተክል ሕዋስ ክምችት ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የበሽታው አንድ ቅርንጫፍ ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር የቈየ ዝምድና አለው። በደቡብ አፍሪካ በ1965 የተመሰከረባት የአፍሪካዪቱ ሲሊድ በሳይንስ ስሟ ትሪዮዛ ኤሪትሬ ትባላለች፤ በ1918 ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ስትገለጽ ናሙናዋ የመጣው ከኤርትራ ነበርና። ይህች ሲሊድ ቀዝቃዛውንና እርጥቡን ደጋ ትወዳለች። ከእርሷ ጋር የቈየው የአፍሪካ ባክቴሪያም ሙቀት አይችልም፤ ስለዚህ ቈላው ለብርቱካን መሸሻ ነበር። የእስያው ባክቴሪያ ግን ሙቀትን ይታገሣል። በ2009 ከሰሜን ኢትዮጵያ፥ ከትግራይና ከሰሜን ወሎ፥ በተሰበሰቡ የብርቱካን ናሙናዎች ውስጥ ይኸው የእስያው ባክቴሪያ መገኘቱ በ2010 ታተመ። በ2019 ደግሞ በኢትዮጵያ የአፍሪካዪቱ ሲሊድ የእስያውን ባክቴሪያ ተሸክማ መገኘቷ ተጻፈ። ከ2016 ወዲህ በታተሙ ጥናቶች የእስያዪቱ ሲሊድ ራሷ በታንዛንያና በኬንያ መኖሯ ተመዝግቧል። ትርጕሙ ግልጽ ነው፤ የደጋዪቱ ነፍሳት የቈላውን ሙቀት የሚችል ባክቴሪያ ከተሸከመች፥ የቈላዪቱም ከታች ከመጣች፥ ከፍታው ብቻውን ከለላ መሆኑ ያበቃል።

የፍሎሪዳው መልእክተኛ ወደዚህ ቢመጣ እንደዚያው ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ትሪስቴዛን ከሁሉ ይልቅ አሳምሮ የሚያሻግረው ቡናማው የሎሚ ክሽክሽ ነባር ነው። በየአገሩ የትኛው የትሪስቴዛ ዐይነት በዛፎቹ ውስጥ እንዳለ አስቀድሞ ሳይታወቅ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ መናገር አይቻልም። በሕግ በኩል ኢትዮጵያ በ2009 የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አውጥታ በ2015 አሻሽላዋለች፤ ጂኑ የተለወጠ ሕያው ነገር ሁሉ በዚያ በኩል ማለፍ አለበት። እስከዚያው ድረስ የሚሠራው ሥራ አሮጌው ነው፤ ንጹሕ ቀንበጥ፥ ነፍሳት በማያስገባ መረብ ውስጥ የሚያድግ ችግኝ፥ የታመመውን ዛፍ ነቅሎ ማቃጠል። አዲሱ ጥበብ ይህን አይሽረውም፤ ከታመመ ቀንበጥ ችግኝ የሚያራባ ጣቢያ ባለበት አገር ማንኛውም መድኃኒት የሚፈሰው በተቀደደ ስልቻ ነው።

በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በተማሪዎች ቤት የብርቱካን፥ የሎሚ፥ የመንደሪን ወይም የትርንጎ ዛፍ ካለ ምልክቱን መመልከት ከባድ አይደለም። የአፍሪካዪቱ ሲሊድ ልጆች የመጠጡት ለጋ ቅጠል ከላይ እብጠት፥ ከሥሩ ጕድጓድ ያወጣል፤ ይህ በዐይን ይታያል። የበሽታውን ቢጫነት ከዚንክ እጥረት ለመለየት ደግሞ አንድ ቅጠል ተወስዶ ከመካከለኛው ሥሩ ግራና ቀኝ በትክክል ፊት ለፊት ሁለት ክብ በእስክሪብቶ ይሳላል። በዚንክ እጥረት ጊዜ የሁለቱ ክቦች መልክ ይመሳሰላል፤ በዚህ በሽታ ጊዜ ግን አንዱ አረንጓዴ፥ ሌላው ቢጫ ሆኖ ይለያያል። ይህ መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው ፒ.ሲ.አር. በተባለው ምርመራ በላቦራቶሪ የሚገኝ ነው። የተጠረጠረው ቅጠል በተዘጋ ከረጢት ሆኖ ለወረዳው የእርሻ ባለሙያ ይታያል፤ ቀንበጡ ግን ከግቢው አይወጣም፥ ለማዳቀልም ለማንም አይሰጥም።